ቀኙን ልጅ ወደ ግራ ያዞሩት ሰው

ነይ እስቲ ሶላንዥ፣ ወዲህ ቀረብ በይ የኔ ልጅ። እዚህ ከዛፉ ጥላ፣ ከኔ ጎን። ሚያዝያ እኮ ነው። የሩዝ ማሳው ውሃ ሞቅ ሲል ክሮፊሹ፣ ይህ ባለ ቅርፊቱ የውሃ ፍጥረት፣ ከጭቃው ወጥቶ የሚሰባበት፣ እኛም በየቅዳሜው በትልቁ ድስት ቀቅለን ጋዜጣ ላይ የምንዘረግፍበት ወር ነው። ትንሽ ከቆየ ቅርፊቱ ይጠነክርና ጣት ይቆርጣል። ብዪ እንጂ! አይ፣ እንደሱ አይደለም... ራሱን በአንድ እጅሽ ያዢ፣ ጭራውን ጠምዘዝ አድርገሽ ሳቢ። እንዲያ ነው! የሰሜን ልጅ ብትሆኚም እጅሽ ቶሎ ይማራል። አቃጠለሽ? ድንቹን ግመጪበት፣ ያበርድልሻል። ዓይንሽን ግን በዚያ እጅ እንዳትነኪ። ባሌ ኦዚም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዴ ነክቶ የእህቱን ሰርግ ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ። ሰዉ ሁሉ "እንዴት ያለ እህቱን የሚወድ ወንድም ነው!" እያለ ሲያመሰግነው፣ እሱ ውሃ ፍለጋ ነበር የሚዞረው።

ድምፄ ጮኸብሽ? ይቅር በይኝ። ጆሮዬ ከከበደ ወዲህ ለራሴ እንዲሰማኝ ብዬ ነው የምጮኸው እንጂ ለሌላ ሰው ብዬ አይደለም። እዚያ ማዶ፣ ከበረዶው ሳጥን አጠገብ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን የተቀመጡት ሰው ቢሰሙስ ደግሞ... ምን ይጎዳቸዋል? የምናወራው ስለ ኳስ ነው። ኳስ ደግሞ የሳቸው ነው። የኛ መቀቀል ነው።

አዎ፣ ስለ ኳስ። "አያቴ፣ አልሲድ ስለ ተጫዋቾች ምርጫው ቀን ሲነሣ ለምን ተነሥቶ ይሄዳል?" ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? የልጅ ልጄን ልታገቢው ነውና ማወቅ ይገባሻል። እኔ ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ ከርሜያለሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው። ግን ቀድማ የገባችውስ ዝንብ... በየት ትውጣ?

አንቺ ባደግሽበት ቤት ኳስ አይታይም ብለሽኛል። እኔም ብሆን ፊደል አልቆጠርኩም፤ አርባ ዓመት ከሜዳው አጥር ሥር ቆሜ ነው ያየሁት። የኛ ኳስ በእጅ የሚወረወረው፣ ሞላላው ነው። ወርዋሪው መሃል ይቆማል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ወንዶች እንደ አጥር ይደረደራሉ። እነሱ ኳስ አይነኩም፣ ስማቸውንም የሚጠራ የለም። ሥራቸው ወርዋሪውን ሊጥል የሚመጣውን መግፋት ብቻ ነው። በአጥሩ በሁለቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ የሚቆሙት ታክል ይባላሉ። እንግዲህ ወርዋሪው ቀኝ እጁን አንሥቶ ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል። ከግራ የሚመጣበትን አያይም። ለዚህ ነው የግራው ታክል የወርዋሪው ሁለተኛ ዓይን ነው የሚባለው። በየሚያዝያው ትልልቆቹ ቡድኖች ሦስት ቀን ተቀምጠው ከየዩኒቨርሲቲው ልጅ ሲመርጡ፣ የግራውን በመጀመሪያው ቀን ይሻሙት ነበር። የቀኙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዶሮ ብልት በይው፤ ፈረሰኛው ቀድሞ ይነሣል፣ አንገቱ ለዘገየ ይተርፋል።

ነበር ነው ያልኩሽ። "ነበር" የምትለዋን ያዢልኝ።

ምክንያቱም ሊጥሉ የሚመጡትም ብልጥ ሆኑ። ኃይለኛውን ሰው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይልኩታል። በቀኝ በኩል ደካማ ያቆመ ቡድን ወርዋሪውን በቃሬዛ ያስወጣል። ስለዚህ ጥሩ የቀኝ ሰው እንደ ግራው ይፈለግ ጀመር። ይህን ማን ነገረኝ? ቴሌቪዥኑ። እኔ መሃይሟ ባልቴት ምን አለኝ፣ ሹራብ እየሠራሁ አዳምጣለሁ። አዋቂ ሰዎች ግን ቴሌቪዥን አያዳምጡም። ለቴሌቪዥኑ ይነግሩታል እንጂ።

በዚህ ቤተሰብ ኳስ የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም ክሮፊሽ ባኘከ አፍ አይጠራም። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ግን "እሳቸው" እላቸዋለሁ። ዕውቀት ያስከብራላ! የአልሲድ አባት ወንድም ናቸው አላልኩም... አይደሉምም አላልኩም።

የአልሲድ አባት ባሕር ላይ ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ባሕሩ ሲያስቀረው ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በቀብሩ ማግሥት እኒያ ሰው መጥተው "ይህ ልጅ ከእንግዲህ የኔ ነው" ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ያ እጅ እስከ ዛሬም አልተነሣም። እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ይገኛል? ተራ ዘመድ ለሙት ልጅ ምን ያደርጋል? ጫማ ይገዛል፣ ዓሣ ማጥመድ ያስተምራል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስዳል። እሳቸው በዚህ በትንሹ አልተዋረዱም። ከሁሉ የሚበልጠውን ሰጡት... ሐሳባቸውን።

ደግሞስ ሐሳብ የሚያንሳቸው ሰው ናቸው? እሳቸው ራሳቸው በጉብዝናቸው ታክል ነበሩ፤ የከተማችን ትምህርት ቤት ታክል። የግራ! እንዴት ያለ ታክል ነበሩ መሰለሽ፤ የሚመርጥ ጠፋ እንጂ። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነው ይላሉ። የቱ ጉልበት እንደሆነ ግን በየዓመቱ ይለያያል። ዘንድሮ ቀኙ ነው። ሕመም ሠላሳ ዓመት ሲቆይ እንዲህ ይዛወር ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ።

አልሲድ ግን የቀኝ ልጅ ነው። ያስተማረው የለም፣ እንዲያው ሲፈጠር ነው። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ጥሎ ሲቆም በሬ ገፍቶ አያነቃንቀውም። የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ የጓዳውን በር እንዲህ ቆሞ ይዘጋብኝ ነበር፣ ኬኩን ሳላስቀምስ እንዳልወጣ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስት ዓመት በቀኝ ሲቆም ወርዋሪያቸው በሱ በኩል የወደቀበትን ቀን እኔ በአንድ እጄ ጣት እቆጥርልሻለሁ። መራጮች ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ቴሌቪዥኑ "ይህ ልጅ በሁለተኛው ቀን ይጠራል" አለ። እናቱ፣ ልጄ ኖኤሊ፣ ያን ስትሰማ ምን እንደምትይዝ ጠፍቷት የታጠበውን ልብስ ሁሉ ደግማ አጠበችው።

እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። አስተዋይ ሰው በትንሽ ነገር ደስ አይለውም። "ሁለተኛ ቀን?" አሉ፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው። "የኛ ልጅ ሁለተኛ ቀን? የግራው ሰው ነው ንጉሥ። ቀኝ ለቀሪ ነው። ወደ ግራ ይሂድ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ይጠራል።" ኖኤሊ "ልጁስ ምን ይላል?" ብላ ጠየቀች። እሳቸውም በትሕትና "ልጁ ምን ያውቃል?" አሉ። በማግሥቱ መኪናቸውን አስነሥተው አሠልጣኙ ዘንድ ሄዱ። "ወይ በግራ ታቆመዋለህ፣ ወይ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንወስደዋለን" አሉት። አሠልጣኙም ምን ያድርግ፣ እሺ አለ። አልሲድም እሺ አለ። አልሲድ እኮ እምቢ አያውቅም። አባት የሌለው ልጅ እሺ የሚለው ሰው ይፈልጋል። የፈለገ ደግሞ ያገኛል... አገኘ።

አንቺ እስቲ ቀኝ እጅሽን ትተሽ በግራሽ ጠምዝዢው። ሞክሪው... አየሽ? ተይው፣ ቀሚስሽን አበላሸሽ። እሱ ግን የሚታገለው ከክሮፊሽ ጋር አልነበረም። መቶ ሃያ ኪሎ ሰው እየሮጠ ይመጣበት ነበር። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ቀኝ እግሩ ነው። አሁን ግራው ወደ ኋላ ሂድ ተባለ። ጭንቅላቱ ያዛል፣ እግሩ ይጠይቃል። እግር እስኪጠይቅ ሰውየው አልፏል።

በመጀመሪያው ጨዋታ ወርዋሪው ሦስት ጊዜ ተነጠፈ። ሦስቱም በግራ በኩል። እሳቸው ከአጥሩ ሥር ሆነው "ይለምደዋል!" ይሉ ነበር። በአምስተኛው ጨዋታ ያ ምስኪን ወርዋሪ ትከሻው ተሰበረ። አልሲድ ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ የክፍሉ በር ላይ ተቀመጠ፣ መግባት ግን አልቻለም። እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁት። እሳቸውም በጣም አዝነው ነበር። "ያ ወርዋሪ ኳስ ይዞ ይቆያል" ብለው ነው ያዘኑት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል አይደል? እኔ ለዚያች ሴትዮ እፈርድላታለሁ። እሷ እንኳ መጽሐፉ ንጹሕ ሆኖላታል።

ቀኙን ታዲያ ማን ያዘው? ሬሚ። የሩዝ ገበሬው ልጅ፣ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው። ጉልበት አለው፣ ዘዴ ግን አልነበረውም። ከልምምድ በኋላ እየቀረ እግሩን እንዴት እንደሚጥል ያሳየው ማን ነው? አልሲድ። "ቦታው ባዶ ከሚሆን" አለኝ። ይህንን ከማን ተማረው? ከሳቸው መሆን አለበት። ሰው ቦታውን ለሌላ እንዲለቅ እንደሳቸው አድርጎ ማን ያስተምራል?

እንዲህ እንዲህ እያለ ሚያዝያ ደረሰ፤ አምና ልክ ይህን ጊዜ። እሳቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን አዳራሽ ተከራዩ። እኛ ቤት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ ስልኩን መሃል አድርገን ብንቀመጥ ምን ነበረበት? ለቀሪ ሰው ነዋ እሱ! ስልሳ ካናቴራ አሳተሙ፣ ደረቱ ላይ "የግራው ልጅ" የሚል። አሁን እጅሽን የጠረግሽበት ጨርቅ ከነሱ አንዱ ነው፤ ጥሩ ጥጥ ነው፣ ዘይት ይይዛል።

ልማዳችን እንዲህ ነው፤ ልጁ የሚጠራበት ስልክ በንጹሕ ሳህን ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ይቀመጣል። ወደዚያ ስልክ ማንም አይደውልም። ከልጁ በቀር ማንም አይነካውም። መጀመሪያው ቀን፣ ምንም። እሳቸው "ትልቅ ሰው ዘግይቶ ነው የሚገባ" አሉ። ሁለተኛው ቀን፣ ምንም። "ፈርተውት ነው" አሉ። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነው፣ ከቀትር ጀምሮ። ሰዉ በግማሽ ቀንሷል። ግማሹ ካናቴራውን ገልብጦ ለብሷል። አልሲድ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ሰክቶ ያን ሳህን ያያል። ሌላ ምንም አያይም። አጠገቡ ሄጄ ዳቦ ብሰጠው "በኋላ፣ አያቴ" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው እሳቸው ስልኩን ከሳህኑ ያነሡት። "ልጁን ላብ አሰጥሞታል፣ እኔ ልያዝለት" ብለው። እንዴት ያለ ርኅራኄ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ስልክ የያዘ ሊቅስ?

እኔ ጨው ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ የእሳት አደጋ ሰዎቹ የውሃ ጎማቸውን ጠቅልለው ወደሚያስቀምጡበት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ሰው ስልክ ሲያነሣ ሰማሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጆሮዬም እንደምታውቂው ነው። ምናልባት ከእሳት አደጋ ሰዎች አንዱ ይሆን?

"ሃሎ... አዎ፣ ኃላፊው እኔ ነኝ" ይላል ድምፁ። "ቀኝ?... ምን ማለት ነው ቀኝ?... ስማኝ ወንድሜ፣ የኛ ልጅ የግራ ሰው ነው። ግራ ካልሆነ አትድከሙ... አይ፣ እሱን ማናገር አያስፈልግም። የሱ ሐሳብ የኔ ሐሳብ ነው።"

ዘጋው። ከዚያ በእሳት ማጥፊያው ሣጥን መስታወት ኮፍያውን አስተካከለ። "ትንሽ ይለምኑ" አለ ለራሱ። የበሩ ስንጥቅ ላይ ቆሜ ጨው በእጄ ይዤ ነበር። አላየኝም። ጨው የምትፈልግ ባልቴት ማን ያያል?

ምን ይመስልሻል፣ አሁን ያ ድምፅ የማን ነበር? አትንገሪኝ። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ካልተናገሩ ሹመት ይቀራል ይላሉ። ሲናገሩ የቀረውንስ... ማን ቆጥሮት ያውቃል?

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ወጣ፣ የቡድኑን ስም ጠራ፣ ከዚያም "የቀኝ ታክል" ብሎ አነበበ... ሬሚ። የኛው ሬሚ። ያው አልሲድ እግር አጣጣል ያስተማረው። ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማኛል፣ የኔ ጆሮ እንኳ። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ብቻውን፣ በትልልቅ እጆቹ። አልሲድ ነበር። "ጎሽ! ጎሽ ሬሚ!" እያለ፣ ዓይኑ እየቀላ። እሳቸውም ዝም አላሉም። "ያ ቡድን ድሮም ማስተዋል የለውም" ብለው አጽናኑት።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን ያ ስልክ አልጮኸም። ምርጫው አልቆ ሰዉ ሲበተን አልሲድ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አጥፎ ግድግዳው ሥር ደረደረ። እናቱ "ተው፣ ነገ እንሰበስበዋለን" ስትለው "ምን ሥራ አለኝ?" አላት።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም ትይኝ ይሆናል። ትክክል ነሽ። ከአባቱ በኋላ ለልጁ የቀረው አንድ ትልቅ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ እሱን ደግሞ በዚያ ቀን ልንጠቀው? አልቻልኩም። በዚያ ላይ ሰውየው ራሳቸው ይነግሩታል ብዬ ጠበቅሁ። ያን የሚያህል አዋቂ ሰው ይህችን ያጣታል? የድርጭት አደን ወር መጣ፣ ሄደ። ገና መጣ፣ ሄደ። ፋሲካም አለፈ። እሳቸው ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጠው "ልጁን ፖለቲካ ነው የጣለው" እያሉ ያስረዳሉ። ልጁ ደግሞ ኩሬው ዳር ወጥመድ እያነሣ ምን ይል ነበር መሰለሽ? "አያቴ፣ በሦስት ቀን ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ልጅ ተጠራ። እኔን አንድ ሰው እንኳ አልፈለገኝም።" ይህን ነው ዓመት ሙሉ የተሸከመው። አንቺን ሊያገባሽ ሲያስብ እንኳ "ማንም ያልፈለገውን ሰው ምን ታደርገዋለች?" ብሎኛል። ደነገጥሽ? አልነገረሽማ! እኔም በደሌን አላጣሁትም። ዝም ያልኩበትን አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ የቀሩትን ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀናት ገና አልጨረስኩም።

አሁን ለምን ተናገርሽ ካልሽኝ፣ ሐሙስ ዕለት የወጥ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ያ አሮጌው፣ ገመድ ያለው። አንሥቼ "ማን ልበል?" ብል አንድ ሽማግሌ ነው፤ የቡድን አሠልጣኝ፣ የአጥር ልጆቹን የሚያሠለጥን። ያው ሬሚን የወሰደው ቡድን። "እናቴ፣ ሬሚ ሁልጊዜ ስለ አንድ ልጅ ይነግረኛል" አለኝ። "የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው ይለኛል። እኛ አምናም ደውለን ነበር። በቀኝ ይቆምልናል ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ ኃላፊው ነኝ የሚል ሰው እምቢ አለን። አሁን ተጠባባቂ የቀኝ ሰው ያስፈልገናል። ለሙከራ ይመጣልናል ወይ?" እኔ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ወንበር ፈለግሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ኩሬው ወረድሁ። አልሲድ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ወጥመድ አንሥቷል። የሰማሁትን ነገርኩት። ጨውን፣ በሩን፣ ኮፍያውን፣ ሁሉን። ወጥመዱ ከእጁ ላይ ይንጠባጠባል። ሊጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጮኸም። ወጥመዱን ቀስ ብሎ ጀልባዋ ላይ አስቀመጠና... ቀኝ እግሩን ጭቃው ውስጥ ወደ ኋላ ጣለ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ውሃው እስከ ደረቱ ተረጨ። "አያቴ" አለኝ፣ "እግሬ አልረሳም።"

ከዚያ "አንቺ እንደሰማሽው ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም" አልኩት።

"እንግዲያው ለሱ ምንም አትበይው። እሱን በሰው ፊት ማዋረድ አልፈልግም። ለሶላንዥ ግን ንገሪያት፤ እኔ ከጀመርኩት እናደዳለሁ።"

"እሺ፣ ለሳቸው ቃል አልተነፍስም" ብዬ ማልሁለት። ይኸው አንቺው ምስክሬ ነሽ፤ ተነፈስኩ? ለሳቸው አንዲት ቃል ወጣችኝ? ለአንቺ ነው የምነግርሽ። ድምፄ ጮኾ እንደሆነ ጆሮዬን ጠይቂው።

ምነው፣ ማዶ ያሉት ሰው መብላት አቆሙ? በርበሬው በዝቶባቸው ይሆን? እስቲ ውሃ አቀብሉልኝ ለእግዜር እንግዳ!

እንግዲህ የሌላው ሰው ነገር ይህን ይመስላል፣ በዚያው ልንገርሽና ልጨርስ። ሬሚ በየእሑዱ በቀኝ ይቆማል። በየሰኞው ለአልሲድ ይደውላል። ያ ወርዋሪ ትከሻው ድኖ ትራክተር ይሸጣል፤ ለሰርጋችሁ እመጣለሁ ብሏል። የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ጡረታ ወጥቷል። አልሲድን ያኔ ምርጫው ካለቀ በኋላ አንድ የብርድ አገር ቡድን ለሙከራ ጠርቶት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ "ግራ" ስለሚል ሦስት ሳምንት በግራ አቁሞ መልሶታል። አሁን ግን ሰኞ ይሄዳል፣ ቀኙን ይዞ። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። የሚያውቀው ግን አለ፤ ፈልገውት እንደነበር። ኖኤሊ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሥራዋለች። እኔም እንደምታይኝ ነኝ፤ ወጥመዱን የሚያነሣልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እሳቸውም ደኅና ናቸው። እንዲያውም እግዜር አሰባቸው። ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ በየካቲት ሚስታቸው ወንድ ልጅ ወለደችላቸው፤ አምስት ኪሎ! እግሩ ይህን ያህላል። አልጋው ውስጥ ገና ካሁኑ ትንሽ ኳስ አስቀምጠውለታል... በግራ በኩል። እንዲህ ያሉ አባት ናቸው እንግዲህ።

በይ ተነሺ። ይህን ልጬ ያስቀመጥኩትን ሳህን ለሳቸው አድርሺልኝ፤ እጃቸው ደንዝዞ ይሆናል፣ ካጠገባቸው አኑሪላቸው። እኔ ቃሌን አላፈርስም፣ የምልካት ምርቃት ብቻ ናት። እንዲህ አለች በያቸው፦ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በስተርጅና ያገኙትን ልጅ በሞገስ ያሳድግልዎ። ክፉ አይንካው፣ ከሰው ፊት አይጣለው። ለሙት ልጅ ያደረጉትን ሁሉ በገዛ ልጅዎ ይክፈልዎ፤ ለሱም እንደርስዎ ያለ አጎት አያሳጣው።